ልጅ በዕድሉ እንዲያድግ መጀመሪያ ይተንፍስ



«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው አነጋገር በሰፈራችን አራስ በተጠየቀ ቁጥር ይሰማል። ወላጅን ለማጽናናት ጥሩ ነው። ነገር ግን ልጅ በዕድሉ ያድግ ዘንድ መጀመሪያ መተንፈስ አለበት። ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላነሣው የፈለግሁትም የአራስ ሕፃናትን የመተንፈስ ችግር ነው።

እንደሚታወቀው ሁሉ ማኅበራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ሳህን ያወጣል፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ታዲያ በሌሊት ምጥ ለያዛት እናት የመኪና ኪራይ ቢጠየቅ በደንባችን ውስጥ አንድ አንቀጽ እንኳ የለም። ለሞት ከምናወጣው ላይ ጥቂቱን ለሕይወት ብናውል ምን ይለናል? የእኔ አስተያየት ይኸው ነው፤ ምክንያቱንም ከዚህ በታች እዘረዝራለሁ።

በ2011 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት መካከል 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ ተመልክቷል። ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች ቀን ሳይደርስ መወለድ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈንና ልዩ ልዩ ኢንፌክሽን ናቸው። ሦስቱም ዞረው ዞረው ትንፋሽን ይነካሉ።

አንደኛ፣ ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ልጅ፣ ማለትም 37 ሳምንት ያልሞላው፣ ሳንባው ገና አልበሰለም። የሳንባ ጥቃቅን ከረጢቶች ተጣብቀው እንዳይቀሩ የሚያደርግ ፈሳሽ አለ፤ ይህም በበቂ መጠን የሚገኘው ወደ እርግዝናው መጨረሻ ነው። ጉዳዩ የድሃ ብቻ አይደለም። በ1963 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የጆን ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ቀኑ ሳይደርስ ተወልዶ፣ ሁለት ቀን ሳይሞላው በዚሁ የሳንባ ችግር ሞቷል። ከዚያ ወዲህ ግን ሕክምናው ተሻሽሏል። በኒውዚላንድ ተደርጎ በ1972 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ያለጊዜው ልትወልድ ለተቃረበች እናት የሚሰጥ መርፌ የልጁን ሳንባ ቶሎ እንደሚያበስል አሳየ። መርፌው እኛም አገር ይሰጣል። ነገር ግን የሚጠቅመው እናቲቱ ሳትወልድ በጊዜ ከሆስፒታል ስትደርስ ነው። የመኪናውን ነገር ያነሣሁትም ስለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ምጥ ሲረዝም ወይም እትብት ሲጠመጠም ልጁ ሊታፈን ይችላል። አንዳንዱም በሆድ ሳለ ዓይነ ምድር ያወጣና ወደ ሳንባው ይስበዋል። እንዲህ ያለው ልጅ ሳይተነፍስ ሲወለድ፣ በመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ውስጥ በጭንብልና በአየር መንፊያ የሚረዳው የሠለጠነ ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው ደግሞ ያለው ጤና ጣቢያ እንጂ ጓዳችን ውስጥ አይደለም።

ሦስተኛ፣ የእናት ሕመም አለ። የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ እንዲሁም የሽርት ውሃ ፈሶ ብዙ ሰዓት መቆየት የልጁን ትንፋሽ ለአደጋ ያጋልጣሉ። መንታ እርግዝናም እንደዚሁ። እነዚህ የሚታወቁት በክትትል ነው። ስለሆነም ነፍሰ ጡር እህቶቻችን ክትትሉን ከመጀመሪያዎቹ ወራት ቢጀምሩ ይበጃል፤ ውሃው ከፈሰሰም ምጥ ይምጣ ብሎ ቤት መጠበቅ አይገባም።

አራተኛ፣ ሐኪም ሳያዝ ለቀጠሮ ምቾት ሲባል ከ39 ሳምንት በፊት በኦፕራሲዮን መውለድ የልጁን ትንፋሽ ሊያስቸግር ይችላል። ለሕይወት አስፈላጊ ሲሆን ግን ኦፕራሲዮን ያድናልና መፍራት አይገባም።

አምስተኛውና በእጃችን ያለው፣ ከተወለደ በኋላ በቤት የምናደርገው ነው። በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድ፣ እጣን ማጨስ፣ አባወራው እዚያው ሲጋራ ማጤሱ የአራሱን ሳንባ ይጎዳል። የከሰል ጢስማ እናትን ከልጇ ጋር እንደ ተኙ ሊያስቀር ይችላል። ቅቤ ማስዋጥም ቢሆን ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ይቅር፤ ለልጁ የሚበቃው እንገሩና የእናቱ ጡት ነው። እንደ ተወለደ ወዲያው ማጠብ ያበርደዋል፣ ብርድም ትንፋሹን ያስቸግረዋል፤ ስለዚህ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ።

«የእናት የአባት ወግ ሊሻር ነው ወይ?» የሚሉ ይኖራሉ። ኧረ አይደለም! አራስን ብቻዋን አለመተው፣ ገንፎ ማገንፋት፣ ሥራ ማገዝ ደግ ወጋችን ነው፤ ይቀጥል። ቡናው ከነጢሱ በረንዳ ላይ ይፈላ፤ ጉንፋን የያዘው ጠያቂ ደግሞ ሲሻለው ይምጣ ነው የምለው።

ሌላም አለ። ልጅ ሲታመም «እሷ ሳትጠነቀቅ ነው» ብሎ እናቲቱን ማማት በሰፈራችን ልማድ ሆኗል። መንታ ማርገዝ ወይም ቀን ሳይደርስ ምጥ መምጣቱ የእሷ ጥፋት ነው እንዴ? በሐሜት የዳነ ልጅ የለም፤ በፍጥነት ሐኪም ዘንድ በመድረስ የዳነ ግን ብዙ ነው።

ሁሉም ሊያውቃቸው የሚገባ ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው፦ ልጁ ሳያለቅስ በእርጋታ ሳለ አንድ ደቂቃ ሙሉ ሲቆጠር ትንፋሹ 60ና ከዚያ በላይ መሆን፣ ሲተነፍስ ደረቱ ከጎድን አጥንቱ በታች ወደ ውስጥ መሰርጎድ፣ ማቃሰት፣ የአፍንጫው ቀዳዳ ሰፋ ጠበብ ማለት፣ ከንፈሩና ምላሱ ሰማያዊ መሆን፣ ጡት እንቢ ማለት፣ ማተኮስ ወይም መቀዝቀዝ። ከነዚህ አንዱ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ወደ ሕክምና መሄድ ነው። በመንገድ ላይም ልጁን ራቁት ደረት ላይ አስጠግቶ፣ በላዩ ልብስ ደርቦ፣ ፊቱን ሳይሸፍኑ መያዝ ያስፈልጋል።

ከዚህ በመነሣት ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። ሀ) ከወርሃዊ መዋጮው ተከፍሎ ለወላድና ለታመመ አራስ መጓጓዣ የሚሆን ገንዘብ ይቀመጥ። ለ) መኪና ወይም ባጃጅ ያላቸው አባላት በሌሊት ተራ ለመግባት ይመዝገቡ፤ ስማቸውና የአምቡላንስ ስልክ ቁጥር እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሐ) የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ተጋብዛ፣ ወንዶችም ባሉበት ስለ አራስ አያያዝ ታስረዳን።

«ይህ የጤና ጣቢያ ሥራ ነው፤ የእኛ ገንዘብ ለቀብር ነው» የሚል አባል ቢኖር መብቱ ነው፤ በስብሰባው ላይ ይናገር። ጤና ጣቢያው ግን በር ድረስ የመጣን ያክማል እንጂ፣ በሌሊት ከጓዳችን አንሥቶ የሚያደርሰው ጎረቤት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደ ተባለው፣ ለአንድ አባወራ የሚከብደው የመኪና ኪራይ ለሁላችን ቀላል ነው። ስለሆነም አባላት በሙሉ በስብሰባው ተገኝታችሁ ድምፃችሁን እንድትሰጡ በአክብሮት አሳስባለሁ።

የማኅበሩ ፀሐፊ