ስለ «ዳይት» ምግብና ስለ ቆሎ

በአዲስ አበባ ከታላላቆቹ የምግብ መደብሮች ወደ አንዱ ገብቶ መደርደሪያውን የተመለከተ ሰው፣ «ዳይት»፣ «ስብ የሌለው»፣ «ስኳር የለሽ» የሚሉ ጽሑፎችን ሳያነብ አይወጣም። ብስኩቱም፣ እርጎውም፣ ለስላሳ መጠጡም ይህንኑ ማዕርግ ተሸክሞ ተሰልፏል። ቀኑን በወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውለው ወጣት ሠራተኛ ወገቡ መስፋቱን ባስተዋለ ጊዜ፣ ከደመወዙ ቀንሶ ከእነዚህ አንዱን ገዝቶ ይሄዳል። ተማሪውም እንደ አቅሙ ይከተለዋል። ለጤና ማሰብ የሚመሰገን ነገር ነው፤ እኛ የምንጠይቀው ግን፣ ገንዘቡ የተከፈለበት ነገር የታሰበውን ያስገኛል ወይ? ብለን ነው።

እስቲ ጽሑፉን አስተውለን እናንብበው። «ስብ የሌለው» ሲል የሚነግረን ከውስጡ የወጣውን ነው። በወጣው ፈንታ የገባውን ለማወቅ ፓኬቱን ገልብጦ በደቃቅ ፊደል የታተመውን መመርመር ያስፈልጋል። ስብ ከብስኩት ሲወጣ ጣዕሙና ልስላሴው አብሮት ስለሚሄድ፣ ሠሪው ጉድለቱን ለመካስ ብዙ ጊዜ ስኳር ወይም ስታርች ይጨምርበታል። በአሜሪካ አገር በ1992 (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) ስናክዌልስ የተባለ ስብ የለሽ ብስኩት ወጥቶ እጅግ ተሸጦ ነበር። ገዢው «ስብ ከሌለውማ ምን ቸገረኝ» እያለ ከልኩ በላይ ይበላ ስለ ነበር፣ ይህ ጠባይ በብስኩቱ ስም እስከ መጠራት ደረሰ።

ከዚህ የበለጠ ብርቱ ማስረጃ የሚሆነን፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ኬቨን ሆል የተባሉት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር አድርገው በ2019 ያወጡት ጥናት ነው። 20 ጎልማሶች በተቋሙ ሆስፒታል ውስጥ 4 ሳምንት ተቀመጡ። ለ2 ሳምንት በፋብሪካ ብዙ የተለዋወጠ ምግብ፣ ለ2 ሳምንት ደግሞ ከተፈጥሮው ያልራቀ ምግብ እየቀረበላቸው የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ተፈቀደላቸው። በሁለቱም ገበታ ላይ የሚቀርበው ስኳር፣ ስብ፣ ጨውና አሰር ተመጣጣኝ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። እንዲያውም በፋብሪካው ምግብ ውስጥ ያለው አሰር እጅግ ጥቂት ስለ ነበር፣ ሒሳቡን ለማስተካከል ተመራማሪዎቹ አሰሩን በመጠጥ ውስጥ መበጥበጥ ግድ ሆኖባቸዋል! ይህ ሁሉ ተደርጎም ሰዎቹ የፋብሪካውን ምግብ በበሉበት ጊዜ በቀን ወደ 500 ኪሎ ካሎሪ አብልጠው በሉ፤ ይኸውም ወደ 30 የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚያህል ነው። ክብደታቸውም በአንደኛው ምግብ ወደ 0.9 ኪሎ ግራም ጨመረ፤ በሌላው ይህንኑ ያህል ቀነሰ። 20 ሰው ጥቂት፣ አንድ ወርም አጭር መሆኑን አንክድም። ነገር ግን በፓኬቱ ጀርባ የተጻፈው ቁጥር ብቻውን ነገሩን እንደማይጨርስ በሚገባ ያስረዳል።

ስኳርን ስለሚተኩት ማጣፈጫዎች ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ምክሩን ሰጥቷል። ክብደትን ለመቆጣጠር በእነርሱ መጠቀም እንደማይገባ፣ ለረጅም ጊዜ ጥቅማቸው እንዳልታየ ገልጿል። ምክሩ አስቀድሞ የስኳር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አይመለከትም፤ እነርሱ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። በአራት ሰዓት ዕረፍት ሻዩን በሦስት ማንኪያ ስኳር አጣፍጦ፣ «ስኳር የለሽ» ብስኩት የሚያነክትበትን ወዳጃችንን ግን ምን እንደምንለው አናውቅም።

እንግዲህ ምን ይበላ? የሚል ጥያቄ ይነሣል። ከሩቅ መፈለግ አያሻም። ከስንዴ የሚወጣው ፉርኖ ዱቄት ፉርሽካው ተለይቶለት ሲነጣ፣ ጤፍ ግን ቅንጣቱ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ ከነልጣጩ ይፈጫል፤ አሰሩም ከእንጀራው ጋር ወደ ገበታ ይደርሳል። ሽሮው ከአተርና ከሽምብራ፣ ወጡ ከምስር ነው፤ እነዚህም ፕሮቲንና አሰር በአንድነት የያዙ ናቸው። ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ጥቅል ጎመን በጾም ቀን በበያይነቱ ላይ ሲቀርቡ ማንም «ዳይት» ብሎ አልጠራቸውም። ቅንጬ ለቁርስ፣ ንፍሮ ለምሳ፣ በሶ ለመንገድ ነበረ። ቆሎማ ለአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ ስሙ እስከ መሆን ደርሷል፤ «የቆሎ ተማሪ» የተባለው ስንቁ እርሱ ስለ ነበረ ነው። ደግሞም ቆሎን በችኮላ መዋጥ አይቻልም፤ ጥርስ ይሠራበታል፣ ጊዜ ይወስዳል፣ እጅም ከሆድ ቀድሞ አይሮጥም።

የአገራችን ገበታ እንከን የለውም ማለታችን ግን አይደለም። ሽሮው ላይ ዘይት በጭልፋ የሚገለበጥበት ቤት ብዙ ነው፤ ጨውም ያለ ልክ ይበተናል። ጤፉም ዋጋው ወጥቶ ለብዙ ሰው አልቀመስ ማለቱን እናውቃለን።

የዋጋን ነገር ካነሣን ዘንድ አንድ የሚያስገርም ልዩነት አለ። ከላይ በጠቀስነው የአሜሪካ ጥናት፣ በቀን 2000 ኪሎ ካሎሪ የሚሰጥ የአንድ ሳምንት ምግብ ለማዘጋጀት በፋብሪካ የተለዋወጠው 106 ዶላር ሲያስወጣ፣ ከተፈጥሮው ያልራቀው 151 ዶላር ፈጅቷል። እዚያ ድኻው ወደ ፓኬቱ የሚገፋው በዋጋ ነው። በእኛ አገር ግን ከባሕር ማዶ የመጣው የ«ዳይት» ፓኬት ውድ፣ በመንገድ ዳር በስኒ እየተሰፈረ የሚሸጠው ቆሎ ርካሽ ሆኖ ሳለ፣ ወጣቱ ውዱን ይመርጣል። ታዲያ ወደ ፓኬቱ የሚወስደው ምንድር ነው? እኛ እንደሚመስለን እፍረት ነው። ብስኩት በጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሥልጣኔ ምልክት ይመስላል፤ ቆሎ በወረቀት ተጠቅልሎ ከኪስ ሲወጣ ግን ባለቤቱ ወዲያና ወዲህ ይመለከታል።

በኪራይ ክፍል ብቻውን ለሚኖረው ወንደላጤ ወጥ መሥራት አስቸጋሪ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ሽምብራን ማታ ዘፍዝፎ ጠዋት መቀቀል፣ በሶን በውሃ በጥብጦ መጠጣት ብዙ ሙያ አይጠይቅም። በእሑድ የተቀቀለ ምስርም በምሳ ዕቃ ተይዞ ሰኞ ቢሮ ሊገባ ይችላል።

ሌላው ሥራ የመሥሪያ ቤቶችና የዩኒቨርሲቲዎች ክበቦች ነው። በብዙዎቹ ክበቦች በአራት ሰዓት የሚገኘው ሻይ፣ ብስኩት፣ ቦምቦሊኖና ለስላሳ ነው። የክበብ ኮሚቴዎች በዚያው መስኮት አጠገብ አንድ ሳህን ቆሎ፣ አንድ ድስት ንፍሮ፣ ጥቂት ሙዝና ብርቱካን ቢያስቀምጡ፣ ስኳሩንም በሻዩ ውስጥ አስቀድሞ ከመጨመር ለብቻው ቢያቀርቡ፣ የሚያስወጣቸው ገንዘብ እጅግ አነስተኛ ነው። ለአንድ ወር ሞክረው ሠራተኛውና ተማሪው የትኛውን እንዳነሣ ቢቈጥሩ፣ ውጤቱን በዚሁ ገጽ ላይ በደስታ እናወጣዋለን።