ለዕውቀታችሁ፦ የምጽዋ ድንጋዮች

ባለፈው ሳምንት በማታው ክፍል «ወደብ» የሚለውን ቃል ስናነብ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ቃሉንስ አነበብኩት። ነገሩ ግን ምንድን ነው? እኛ የደጋ ሰዎች ባሕር የት አይተን!» አሉ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ብሆን ባሕር በፎቶግራፍ እንጂ በዓይኔ አላየሁም። ጥያቄው ግን ደግ ጥያቄ ነውና ዛሬ እንመልሰዋለን።

ወደብ ማለት የመርከብ ማረፊያ ነው። በገበያ ቀን አህያና በቅሎ ጭነት የሚያራግፉበት ቦታ አለ አይደል? መርከብም እንዲሁ የሚያራግፍበትና የሚጭንበት ቦታ ወደብ ይባላል።

ምጽዋ በቀይ ባሕር ዳር ያለች የቆየች ወደብ ናት። ዛሬ የኤርትራ ከተማ ናት። ኤርትራ ነፃ አገር የሆነችው በ1985 ዓ.ም. ነው።

አሮጌው ከተማ የተሠራው በደሴት ላይ ነው። ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው። የቤቶቹ ድንጋይ እንደኛ አገር ከተራራ የተፈለጠ አይደለም። ከባሕር የወጣ ነው፤ ኮራል ይባላል። ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በብዙ ዘመን የገነቡት ነው። አገሩ በጣም ሞቃት ስለሆነ የፎቅ ቤቶቹ መስኮት ከእንጨት የተፈለፈለ መከለያ አለው። ነፋሱ ይገባል፤ ፀሐዩ አይገባም።

እነዚህ ድንጋዮች እንደ ፊደል ናቸው። ለሚያነባቸው ሰው ማን መጥቶ ማን እንደሄደ ይናገራሉ። የሼህ ሐናፊ መስጊድ ከ500 ዓመት በላይ እንደቆየ ይነገራል። ቱርኮች ከተማዋን የያዟት በ1549 ዓ.ም. ገደማ ነው። በ1850ዎቹ መጨረሻ ግብፆች ተረከቧት። በ1860ዎቹ የተሠራው ቤተ መንግሥት ኋላ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ማረፊያ ሆነ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ግን ክፉኛ ተመታ።

ጣልያኖች ወደ ምጽዋ የገቡት በጥር 1877 ዓ.ም. ነው። በወደቡ ብቻ አልረኩም፤ ወደ ደጋው መውጣት ጀመሩ። በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ 500 ያህል የሚሆነውን ጦራቸውን ደመሰሱ። ጣልያን ግን በዚህ አልተመለሰም፤ ቆይቶ ኤርትራን ቅኝ ግዛት አደረገ። ቅኝ ግዛት ማለት በባዕድ መንግሥት የተያዘና ለባዕድ ጥቅም የሚገዛ አገር ነው። ከምጽዋ አስመራ 118 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ ዘረጉ። ሐዲዱ ዳገቱን በድልድይና በዋሻ እያለፈ በ1904 ዓ.ም. አስመራ ደረሰ። በነሐሴ 1913 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙውን ቤት አፈረሰ፤ ከተማዋም እንደገና ተሠራች።

«ታዲያ ይህ ለእኛ ለቦረና ሰዎች ምናችን ነው?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ ከእኛው አጠገብ ይደርሳል።

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከምጽዋ በስተደቡብ ባለው በዙላ ባሕር ዳር ከመርከብ ወረደ። አዛዡ ናፒየር ይባላል። ወታደሩ 13,000 ያህል ነበር። ከህንድ 44 ዝሆኖች አምጥቶ ነበር። ያ ጦር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ከእኛ በሰሜን ምሥራቅ ያለችው መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 6 ቀን አፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ሽጉጣቸውን ጠጡ።

ጦሩ ባዶ እጁን አልተመለሰም። ዘውድ፣ ታቦት፣ በመቶ የሚቆጠር የብራና መጽሐፍ ይዞ ወረደ። የ7 ዓመቱን ልዑል ዓለማየሁንም ወሰደው። ልጁ አገሩን ሳያይ በኅዳር 1872 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ሞተ፤ ዕድሜው 18 ነበር። ከመጽሐፎቹ አብዛኞቹ ዛሬም ለንደን ናቸው። የእኛው አባቶች የጻፉትን ለማንበብ የእኛው ልጆች ባሕር መሻገር ግድ ሆኖባቸዋል።

ይህን ስነግራቸው ጠያቂው አባት ዝም ብለው ቆዩ። ኋላም «እኛ ባሕሩን ባናውቀው፣ በባሕር የመጣው ግን አውቆን ኖሯል» አሉ።

መቅደላ ላይ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ እስካሁን አለ። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። እሱ የአፄ ቴዎድሮስን ዘመን ይናገራል። በየቀበሌያችንም አሮጌ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ የፈረሰ ካብ አለ። አንዳንዱ ሰው ድንጋዩን እያነሳ ለአጥር ያደርገዋል። አጥር በሌላ ድንጋይም ይታጠራል። የተነሳው ድንጋይ ግን ከመጽሐፍ እንደተቀደደ ገጽ ነው፤ ተመልሶ አይነበብም።

የቤት ሥራ፦ በሰፈራችሁ ያለ አንድ አሮጌ ሥራ ምረጡ። ማን ሠራው? መቼ? ብላችሁ ሽማግሌ ጠይቁ። የነገሯችሁን በገዛ እጃችሁ በ5 መስመር ጽፋችሁ አምጡ። ፊደል ቢሳሳት አትፈሩ፤ አብረን እናርመዋለን።