የክሮምና የኦፔራ ጠብ፦ ሁለቱም ወገን ተሳስቷል!



ሰሞኑን በየሻይ ቤቱና በየስልክ መጠገኛው ደጃፍ አንድ ክርክር በርትቷል። ገሚሱ «ክሮም ካልሆነ ምኑን ኢንተርኔት ሆነ!» ይላል። ገሚሱ ደግሞ «ዳታ በነጻ ታገኛለህ እንዴ? ኦፔራ ሚኒ እያለልህ!» ብሎ ይመልሳል። መከራከሩ ባልከፋ ነበር። ነገር ግን የሚከራከሩበትን ዕቃ ሳያውቁ መጯጯህ ለማንም አይበጅም። ስለሆነም ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም ወገን ይነቅፋል። ቅር ያለው ካለ መልሱን ጽፎ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በመሠረቱ ብራውዘር ማለት ኢንተርኔት ራሱ አይደለም። ድረ ገጽን ከሩቅ አምጥቶ በስልካችን ላይ የሚዘረጋልን መሣሪያ ነው። የፈተና ውጤት ስናይ፣ ለፓስፖርት ስናመለክት፣ ዜና ስናነብ የምንገባበት በር እሱ ነው። በር ከሆነ ዘንድ ደግሞ ሁለት ነገር ይጠየቃል፦ መግቢያው ስንት ነው? በረኛውስ ማን ነው?

1ኛ/ ስለ መግቢያው ዋጋ። ኦፔራ ሚኒ በ2005 ሲወጣ የታሰበው ለደካማ ስልክና ለቀጭን መስመር ነው። ገጹን መጀመሪያ ወደ ኩባንያው ኮምፒውተር ወስዶ ይጨምቀዋል፤ ከዚያ ጭማቂውን ይልክልናል። የድሮዎቹ ባለ ቁልፍ ስልኮች ፊደላችንን ባዶ ሳጥን አድርገው ያሳዩ በነበረበት ጊዜ፣ ፊደሉን እንደ ሥዕል እየላከ አማርኛ ያስነበበን እሱ ነው። ውለታው አይካድም። ክሮምም ዳታ መቆጠቢያ ነበረው፤ ጉግል ግን በ2022 አቋረጠው። ዛሬ ማስታወቂያውም፣ ሥዕሉም፣ ቪዲዮውም እንዳለ ይወርዳል። ማሽላ እያረረ ይስቃል እንዲሉ፣ ጥቅላችን እየነደደ እኛ እንስቃለን።

2ኛ/ ስለ በረኛው። የኦፔራ ሚኒ ደጋፊዎች፣ እዚህ ላይ ጆሮ ስጡ! «ኤክስትሪም» በሚባለው የቁጠባ ስልት ሲሠራ፣ ተቆልፎ የመጣው ገጽ በኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል፣ ይጨመቃል፣ እንደገና ተቆልፎ ይላካል። የምንጽፈው የይለፍ ቃልም በዚያው መንገድ በመሀከለኛ እጅ ያልፋል ማለት ነው። ደብዳቤ በመንገደኛ መላክ የነበረ ወግ ነው። ነገር ግን መንገደኛው ከፍቶ እንዲያሽገው ተስማምቶ የገንዘብ ምስጢር የሚልክ ማን ነው?

የክሮም ደጋፊዎችም አትኩራሩ። ክሮም የጉግል ነው፤ የጉግል ዋና ገቢ ደግሞ ማስታወቂያ ነው። «በኢንኮግኒቶ ከገባህ ማንም አያይህም» እያላችሁ ታወራላችሁ። ሐሰት ነው! የገባንበት ታሪክ ከስልኩ ላይ አይቀመጥም እንጂ ድረ ገጹ መግባታችንን ያውቃል፣ መስመሩን የሚሰጠውም ወዴት እንደሄድን ያያል። ጉግል በዚሁ በኢንኮግኒቶ ጉዳይ አሜሪካ ውስጥ ተከስሶ፣ የሰበሰበውን መረጃ ለማጥፋት በ2024 ተስማምቷል።

3ኛ/ ዋናው ነገር ግን ይህ ነው። ተፎካካሪ የምንላቸው አብዛኞቹ ከአንድ ሊጥ የተጋገሩ ናቸው። ኦፔራ ለዋናው ብራውዘሩ የራሱን ሞተር በ2013 ትቶ የጉግልን ክሮሚየም ያዘ። የማይክሮሶፍቱ ኤጅ በ2020 ተከተለው። የሳምሰንግም ከዚያው ነው። ከታወቁት መካከል የራሳቸውን ሞተር ይዘው የቀሩት ፋየርፎክስና የአፕሉ ሳፋሪ ናቸው።

«ታዲያ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። ያገባናል! ማይክሮሶፍት ኔትስኬፕን ካሸነፈ በኋላ በ2001 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6ን አወጣ። ገበያው ሁሉ የሱ ሆነ፤ ቀጣዩ እትም እስከ 2006 አልመጣም። አምስት ዓመት ሙሉ ተኛ! ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው በ2004 የወጣው ፋየርፎክስ ነው። አንድ ነጋዴ ብቻ በቆመበት ገበያ ዋጋውንም ሚዛኑንም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሳፋሪኮም በ2022 ሥራ እስኪጀምር ድረስ በአንድ ቴሌ ብቻ የኖርን ሰዎች ይህን ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልገንም።

ይህን የሚጽፈው ሰውም ከስሕተት የጸዳ አይደለም። በአንድ ኮምፒውተር ቤት ፎርም ስሞላ ብራውዘሩ «የይለፍ ቃሉን ላስቀምጥ?» አለኝ። ሳላነብ «እሺ» ብዬ ወጣሁ። ከኋላዬ የተቀመጠው ልጅ ኢሜይሌን ተከፍቶ አገኘው። ልጁ ጨዋ ሆኖ ሮጦ ነገረኝ። ጨዋ ባይሆንስ ኖሮ?

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ሀ/ ዜና ለማንበብና ዳታ ለመቆጠብ ኦፔራ ሚኒ ይበቃል። የይለፍ ቃል ግን አይጻፍበት።

ለ/ ለባንክ፣ ለኢሜይልና ለፓስፖርት ፋየርፎክስን ወይም ክሮምን እንጠቀም፤ በየጊዜውም እናድሰው።

ሐ/ አንድሮይድ ያለው ሁሉ ፋየርፎክስን ይሞክር። «ዩብሎክ ኦሪጅን» የሚባል ማስታወቂያ ማገጃ ይጨመርበታል፤ ማስታወቂያው ካልወረደ ዳታውም አይበላም። የስልኩ ክሮም ይህን አይቀበልም።

መ/ በሰው ኮምፒውተር ላይ «ላስቀምጥ?» ሲባል መልሱ «አይሆንም!» ነው። ሲወጡም ዘግቶ መውጣት ነው።

በመጨረሻም፣ በ2023 በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ክሮሙም ኦፔራውም እኩል ጨልመው እንደነበር አንርሳ። ያን ጊዜ የማን ደጋፊ ነበር የበለጠው? ስለዚህ ለፈረንጅ ኩባንያ ስም እርስ በርስ መዘላለፉን ትተን፣ የሚያውቅ ላላወቀው ያሳይ። በተለይ እናቶችና አባቶች ስልካቸውን ይዘው ሲመጡ «አቤት እማማ፣ አቤት አባባ» ብለን አንድ በአንድ እናስረዳ።

ዳታችንን በከንቱ አናቃጥልም! ምስጢራችንን በሰው በር ላይ ጥለን አንሄድም!

ከማኅበሩ አባላት አንዱ
ሮቢት