ቀይ ቀበሮ የማን ዘመድ ነው?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የቀይ ቀበሮን ስም ያወጣው ግን መልአክ ሳይሆን ዐይን ነው። የቀላ ጠጉሩን፣ ቀጭን ረጅም አፉን፣ ቀጥ ብለው የቆሙ ጆሮዎቹን ያየ እረኛ «ቀበሮ» ቢለው አይወቀስም፤ በአማርኛ «ቀበሮ» ብዙ የዱር የውሻ ወገኖችን የሚያቅፍ ሰፊ ቃል ነውና። ሊወቀስ የሚገባው የእረኛውን ስም እንደ ዘር ሐረግ ቆጥሮ፣ «ሬድ ፎክስ» ብሎ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሰው የተማረ ሰው ነው። ሬድ ፎክስ በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አፍሪካ የሚኖር ሌላ እንስሳ ነው። የሰሜንና የባሌ ተራሮች ነዋሪ ግን ከዚያ ቤት አይደለም፤ የተኩላ ወገን ነው።

«እንዲህ እየመሰለ እንዴት ተኩላ ይሆናል?» የሚል አይጠፋም። የስሕተቱ ሥር ይኸው ነው፤ መልክን የዝምድና ዳኛ ማድረግ። የብራና መጻሕፍትን ያገላበጠ ሰው በዚህ አይታለልም። ሁለት ዳዊቶች አንድ ዓይነት ቀይ ቆዳ ስለለበሱ ከአንድ እናት ቅጂ ተገለበጡ አይባልም። ትክክለኛውን ንባብ በአንድነት መያዛቸውም ልዩ ዝምድናቸውን አያረጋግጥም፤ እሱን ማንኛውም ቅጂ ሊጠብቀው ይችላል። በሌላ ቅጂ የማይገኝ አንድ ዓይነት ስሕተት በአንድ ስፍራ ሲጋሩ ግን፣ መጀመሪያ የተሳሳተው ጸሐፊ አንድ እንደ ነበረ ይጠረጠራል። የጋራው ስሕተት በበዛ ቁጥር ጥርጣሬው ወደ እርግጠኝነት ይጠጋል።

የሥነ ሕይወት ሊቃውንት የሚሠሩበት መንገድ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ጀርመናዊው የነፍሳት ተመራማሪ ቪሊ ሄኒግ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ የቅርብ ዝምድና ማስረጃ ከጥንት የተወረሰ የጋራ ባሕርይ ሳይሆን፣ በአንድ አያት ላይ አዲስ ተነሥቶ ለልጆቹ ብቻ የተላለፈ ለውጥ ነው። አራት እግር መያዝ ቀይ ቀበሮን ከፍየልም ከአንበሳም አይለየውም። ቀጭኑ አፍስ? እሱ የኑሮ ስጦታ ነው። በደጋው ሜዳ ፍልፈልና አይጥ ከጉድጓዳቸው አፍ ላይ ቀልቦ የሚያድር እንስሳ፣ የቀበሮ ልጅ ሳይሆን የቀበሮን አፍ ሊያወጣ ይችላል። ተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ መሣሪያ ይፈልጋል።

ዘረመል በክርክሩ ውስጥ የገባው እዚህ ላይ ነው። ዲኤንኤ በአራት ፊደላት የተጻፈ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ የሚሳሳት ጽሑፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት የቀይ ቀበሮን የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ መርምሮ ከግራጫ ተኩላና ከሰሜን አሜሪካው ኮዮቴ ጋር የቅርብ ዘመድ ሆኖ አገኘው። ማይቶኮንድሪያ የሚወረሰው ግን ከእናት ብቻ ስለሆነ የአንድ ወገን ምስክር ነው። ስለዚህም በ2005 የታተመው የውሻ ዘረመል ጥናት ከሁለቱም ወላጆች የሚወረሰውን ዲኤንኤ አነጻጸረ፤ እሱም ያንኑ መሰከረ። ይባስ ብሎ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ሜዳ የሚታየው ጀርባ ጥቁር ቀበሮ ከተኩላ ቤት ርቆ ሲገኝ፣ ቀይ ቀበሮ ከውስጥ ተቀምጦ ተገኘ። «ቀበሮ» የሚለው ስም አንድ ያደረጋቸውን ደም ለያያቸው።

«ሳይንቲስቶች ትናንት ያሉትን ዛሬ ይሽራሉ፤ ምን ያስተማምናል?» የሚለው ተቃውሞ ደግሞ ሲሰሙት ብልህ ይመስላል። እውነት ነው፣ ይሽራሉ። የአፍሪካው ወርቃማ ቀበሮ ከእስያው ጋር አንድ ዝርያ ነው ሲባል ኖሮ፣ በ2011 እና በ2015 የታተሙ ጥናቶች ወደ ተኩላ የሚጠጋ ሌላ ዝርያ መሆኑን አሳይተዋል። ነገር ግን ፍርዱ የተሻረው በምኞት ሳይሆን በተሻለ ማስረጃ ነው። አዲስ ምስክር ሲቀርብ ፍርዱን የማይመረምር ዳኛ ይሻላል የሚል ካለ ይናገር።

ጉዳዩ የቃላት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከበደ። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ናቸው። የሚፈጃቸውም ዝምድናቸው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከእረኞች ውሾች እየተሻገረ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003 እና በ2008 የባሌዎቹን አርግፏል። ከዚህም ሌላ፣ ያው የ1994ቱ ጥናት በባሌ የወብ ሸለቆ ወንድ ውሾች ከሴቶቹ ጋር እየተዳቀሉ ዲቃላ እንዳፈሩ አረጋግጧል። ውሻ ከእውነተኛው ቀበሮ ጋር አይዳቀልም፤ ከተኩላ ጋር ግን ይዳቀላል፣ ልጆቻቸውም ይወልዳሉ። እንስሳውን «ፎክስ» ነው ብሎ የሚያስተምር መጽሐፍ ይህን አደጋ ከተማሪው ዐይን ይሰውራል።

እንግዲህ እረኛው የለመደውን ስም ይተው የሚል የለም። «ቀይ ቀበሮ» የአማርኛ ቅርስ ነው፣ ይኑር። የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅ ግን ከስሙ ሥር «የተኩላ ወገን፣ የውሻ የቅርብ ዘመድ» ብሎ ይጻፍ፤ ተርጓሚውም «ሬድ ፎክስ»ን ትቶ የኢትዮጵያ ተኩላ ይበለው። ለእረኛውም ውሻህን አስከትብ ከማለት ጋር ምክንያቱ ይነገረው፤ ከደጁ የታሰረው ውሻና በማዶ ሜዳ አይጥ የሚያደባው አውሬ ዘመዳሞች መሆናቸውን የመስማት መብት አለው።