ሥጋ የተወ ሰው ቁጣውን የት ያድርሰው?

መጋቢት 2018 ላይ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ ፈረንሳይ፣ ትሬብ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ አንድ ታጣቂ ሱፐርማርኬት ገብቶ ሰዎችን ገደለ። ከተገደሉት አንዱ የሱፐርማርኬቱ ሥጋ ሻጭ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ቪጋን የእንስሳት መብት ተሟጋች ፌስቡክ ላይ ሐሳቧን ለጠፈች። ጭብጡ ነፍሰ ገዳይ በአሸባሪ እጅ ቢሞት ምን ያስደነግጣል፣ ለእሱ የሚሆን ርኅራኄ የለኝም፣ ፍትሕ አለ ማለት ነው የሚል ነበር። ፍርድ ቤት ሽብርን በማወደስ ጥፋተኛ ናት ብሎ የሰባት ወር እስራት በገደብ ፈረደባት።

የፍርዱ ተገቢነት የሕግ ባለሙያዎች ጉዳይ ነው። ከዚያ ይልቅ የሚከነክነው ጥያቄ ሌላ ነው። ለንብ ሲል ማር የማይቀምስ፣ ለላም ሲል ወተት የተወ ሰው በምን መንገድ ሄዶ ነው አንድ ሥራው ላይ የዋለ ሰው በመገደሉ ደስ የሚለው? «ቪጋኖች ድሮም ለሰው ግድ የላቸውም» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው፤ ግን ስንፍና ነው። «እሷ አንዲት ያበደች ናት» ማለትም እንደዚያው። መንገዱ ብዙ ሰው በየቀኑ የሚሄድበት ስለሆነ ነው ማየት የሚገባው።

ሲጀመር ቁጣው ከሜዳ አልመጣም። በዓለም ላይ በየዓመቱ ለምግብ የሚታረዱት የየብስ እንስሳት ከ80 ቢሊዮን በላይ ናቸው፤ አብዛኞቹ ዶሮዎች። ይህ ቁጥር ትልቅ ስለሆነ ብቻ ምንም አይሰማም፤ ስለዚህ አንዷን የሥራ ደረጃ ብቻ እንይ። ለእንቁላል የተመረጡት የዶሮ ዝርያዎች ወንዶቹ እንቁላል አይጥሉም፤ ለሥጋም እንደ ሥጋ ዶሮ ቶሎ አይፋፉም። ነጋዴው እነሱን መቀለብ ያከስረዋል። ስለዚህ ገና በተፈለፈሉበት ቀን ተለይተው በማሽን ይፈጫሉ ወይም በጋዝ ይታፈናሉ። በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ጫጩቶች እንዲህ ያልቃሉ። ጀርመን ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ በሕግ ከልክላዋለች፤ በብዙ ሌላ አገር ግን የተለመደ የሥራ ሂደት ነው፣ ማንም አይከሰስበትም።

ይህን አውቆ ደሙ ቢፈላ የሚያስገርም አይደለም። እንዲያውም ለቪጋን ሰው በየቦታው የሚሰጠው «ረጋ በል፣ ለምን ትቆጣለህ?» የሚል ምክር ብዙ ጊዜ ምክር አይደለም፤ ዝም በል ለማለት የተመረጠ ጨዋ አነጋገር ነው። ተመካሪው ቢረጋጋም ጥያቄውን የሚሰማው የለም። በታሪክ ስለ ግፍ የተናገረ ሁሉ ይህን ምክር ሰምቷል።

ችግሩ የሚጀምረው ቁጣው መውጫ ሲፈልግ ነው። ጫጩት የሚፈጨው ኩባንያ ባለቤት እራት ላይ አይገኝም። እራት ላይ የምትገኘው አክስት ናት።

ቪጋን የሆነ ሐበሻ ሁሉ፣ አዲስ አበባም ሆነ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ይህን ሁኔታ ያውቀዋል። ሃምሳ አምስቱ ቀን አልፏል። በጾሙ ወቅት ሰላም ነበር፤ ሁሉም ሰው እሱ የሚበላውን ይበላል፣ ማንም አይጠይቅም። የፋሲካ ዕለት ግን ማዕዱ ይለወጣል። «ጾሙ እኮ ተፈታ!» ይባላል። አላበላም ይባላል። አክስት እንጀራውን ጠቅልላ፣ ዶሮ ወጡን አስነክታ፣ ከእንቁላሉም ቆርሳ ጨምራ ጉርሻውን ይዛ ትነሣለች። «በሞቴ!»

ልጁ ይህን ነገር ለሦስት ዓመት አስረድቷል። ከሦስት ዓመት በኋላ አሁንም እንደ ምኞት፣ እንደ ፈረንጅ ፋሽን፣ እንደ ሕመም ነው የሚታይለት። አፉ ጋ የደረሰው ጉርሻ ደግሞ ፍቅር ነው፤ ይህም እውነት ነው። ቢጎርስ ያመነበትን ነገር ለአንዲት ደቂቃ ሰላም ሸጦታል፤ ለአክስቱም ያለው ቅሬታ ውስጥ ውስጡን ሲበላው ይከርማል። «ሬሳ ነው የምታጎርሺኝ» ቢል ደግሞ ማዕዱ ይበተናል፣ የበዓሉ ወሬ እሱ ይሆናል፣ ዶሮዋንም ማንም አያስታውሳትም። በእርግጥ ያናደደው ፋብሪካው ነው፤ ቁጣው የወረደው ግን በድስቱ ባለቤት ላይ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይኼ ነው።

ነገሩ ከመነሻውም የቤተሰብ ጉዳይ ነበር። «ቪጋን» የሚለውን ቃል በ1944 እንግሊዝ ውስጥ ከመሠረቱት ሰዎች ቀዳሚው ዶናልድ ዋትሰን ይባላል፤ የእንጨት ሥራ አስተማሪ ነበር። ልጅ ሳለ የሚወደው ቦታ የአጎቱ የጆርጅ እርሻ ነበር። አንድ ቀን እዚያ አሳማ ሲታረድ አየ፤ የእንስሳው ጩኸት እስከ እርጅናው አልጠፋለትም። ከዚያ በላይ የነካው ግን በጣም የሚያከብረው አጎቱ ከአራጆቹ አንዱ መሆኑ ነው። በ14 ዓመቱ ሥጋ መብላት አቆመ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ሰው አልገድልም ብሎ መሣሪያ ሳያነሣ ቀረ። 95 ዓመት ሞልቶት በ2005 ሲያርፍ በሕይወቱ የቀረው ነገር አንድ ወጥ ነበር፤ አሳማ አለመግደልና ሰው አለመግደል ለእሱ ሁለት የተለያዩ አቋሞች አልነበሩም። ያ ማኅበር ዛሬም ድረስ ቪጋንነትን ሲተረጉም «በተቻለ መጠን» የሚል ሐረግ ያስገባል፤ መድኃኒት የሚወስድ፣ ድሃ የሆነ፣ ምርጫ የሌለው ሰው እንዳይኮነን። ለራስ የተፈቀደችው ይህች ቀዳዳ ለአክስትም መከፈት አለባት።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አባባል ማረም ይገባል። «እኛ ኢትዮጵያውያን ድሮም ቪጋን ነን» የሚሉ ሰዎች በየማኅበራዊ ሚዲያው በዝተዋል። አይደለንም። ጾም የሚጾም ሰው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል የሚከለከለው ለነፍሱ ነው፤ ማር አይከለከልም፣ የቆዳ ጫማ አይወልቅም፣ ጾሙ ሲያበቃም በግ ይጎተታል። ግን ጾም ከቪጋንነት የቀደመበት አንድ ነገር አለ። ሆድ ሲጾም ምላስም፣ ዓይንም፣ ጆሮም ይጹም የሚለው ትምህርት ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው ነው። ሐሜትንም የሀገሬው ሰው «የሰው ሥጋ መብላት» ይለዋል። የትሬብን ዜና ለአክስት ቢነግሯት «ከሥጋ ጾማ ሰው በላች» ብላ በአንድ ዐረፍተ ነገር ትዘጋዋለች። የፍልስፍና ዲግሪ ያለው ሰው ከዚህ የተሻለ አይልም።

ታዲያ ቁጣው ይታመቅ? አይታመቅም። የት እንደሚሄድ ግን ከሄንሪ ስፓይራ የበለጠ ያሳየ ሰው ማግኘት ያስቸግራል።

ስፓይራ በ1927 ቤልጅየም ውስጥ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ሰው ነው። መርከበኛ ነበር፣ ፋብሪካ ሠርቷል፣ በሠራተኞች ማኅበር ውስጥ ታግሏል፣ በኋላም ኒው ዮርክ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆነ። ስለ እንስሳት ማሰብ የጀመረው አርባዎቹን ካጋመሰ በኋላ ነው። በ1976 የኒው ዮርክ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ተመራማሪዎች የድመቶችን የወሲብ ጠባይ ለማጥናት አካላቸውን እየጎዱ እንደሚሠሩ አወቀ። ሳምንት ሳይል ሰልፍ አስወጣ፣ ጋዜጠኞችን አሳሰበ፣ የገንዘብ ድጋፍ የሚሰጡትን ጠየቀ። ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ፤ ምርምሩ ቆመ።

ከዚያ ወደ መዋቢያ ኩባንያዎች ዞረ። በዚያን ጊዜ ሻምፖና ቀለም ለሰው ዓይን አደገኛ መሆኑ የሚፈተነው ጥንቸል አንገቷን ታስራ ዓይኗ ውስጥ ጨምረው በማየት ነበር። ስፓይራ ሬቭሎንን መረጠ። መጀመሪያ በጓሮ በር ሄደ፤ ጻፈ፣ ተገናኘ፣ ሐሳብ አቀረበ። ጥያቄው «ዛሬውኑ አቁሙ» አልነበረም፤ ከሽያጫችሁ ጥቂት አውጡና ጥንቸል የማያስፈልገው መፈተኛ ይፈለግ የሚል ነበር። የሚሰማው አላገኘም። ሚያዝያ 1980 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ ወጣ፤ ለቁንጅና ሲባል ስንት ጥንቸል ታሳውራላችሁ ብሎ ኩባንያውን በስሙ የሚጠይቅ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሬቭሎን ለሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ምርምር 750,000 ዶላር እሰጣለሁ አለ። በቀጣዩ ዓመት በዚሁ ኢንዱስትሪ ገንዘብ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አማራጭ የሚፈልግ ማዕከል ተከፈተ። በ1989 ሬቭሎን በእንስሳት መፈተኑን ተወ።

ያ ማስታወቂያ ቁጣ ነው፤ ያውም መራራ ቁጣ። ግን ሊፕስቲክ የምትገዛዋን ሴት አልሰደበም፤ የጥንቸሏን ቤት የምታጸዳዋን ሠራተኛም። የሚወስነውን ሰው ለይቶ ጠራ፣ ሊፈጽመው የሚችለውን ነገር ጠየቀው፤ ሲፈጽም ደግሞ ማሳደዱን አቆመ። ይህ የመጨረሻው ነገር ለብዙ ተቆጪ የሚከብደው ነው። ስፓይራንም ከኩባንያ ጋር ተሞዳሞደ ብለው የተቹት የራሱ ወገኖች ነበሩ። ከእነሱ መካከል የእሱን ያህል ጥንቸል ያዳነ ካለ ጥቂት ነው።

በቁጣና በንቀት መካከል ያለው ልዩነትም እዚህ ላይ ይታያል። ቁጣ ሌላው ሰው እንዲለወጥ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሊለወጥ ይችላል ብሎ ያምናል ማለት ነው። ንቀት ግን ማንም እንዲለወጥ አይፈልግም፤ ሰውየው ክፉ ሆኖ ቢቀር ይመቸዋል። ፌስቡክ ላይ በሟች ሥጋ ሻጭ መደሰት ንቀት ነው።

በዚያው በ2018 ፈረንሳይ ውስጥ የሥጋ ቤቶች መስታወት ተሰበረ፣ በደም የሚመስል ቀለም ተረጨ። የሥጋ ሻጮቹ ማኅበር ለሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጥበቃ ይደረግልን ብሎ ጻፈ። መስታወቱ የተሰበረበት ሰው ግን ጫጩት የሚያስፈጨው ባለሀብት አይደለም፤ የሠፈር ነጋዴ ነው። አሜሪካ ውስጥማ ጉዳዩ ለሐበሻ የበለጠ ይቀርባል። ሚያዝያ 2020 ኮቪድ የሱ ፎልስን የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ ሲያጠቃ፣ የመንግሥት የጤና ባለሙያዎች በሪፖርታቸው ሠራተኞቹ የሚናገሯቸውን ዋና ዋና ቋንቋዎች ዘረዘሩ። ከዝርዝሩ ውስጥ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና ኩናማ ይገኙበታል። ራሱ አሳማ የማይቀምስ ሰው ቀኑን ሙሉ በብርድ ክፍል አሳማ እየቆረጠ ለቤተሰቡ ገንዘብ ይልካል። «አራጅ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው» የሚለው መፈክር የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ሰውም እንስሳ ነው ብሎ የጀመረ ሥነ ምግባር እሱን ከርኅራኄው ካስወጣ ከራሱ ጋር ተጣልቷል።

እኛው አገር የሆነውም አለ። በ2017 ቢሾፍቱ ላይ ለውጭ ገበያ የሚሠራ የአህያ ቄራ ተከፈተ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ የከተማው አስተዳደርም ብዙ ሳይቆይ በሚያዝያ ዘጋው። በየካቲት 2024 ደግሞ የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው አህያን ለቆዳው ሲባል ማረድ በአህጉሩ እንዲከለከል ወሰኑ። ያን ጊዜ ለቪጋን ሰው ቀላሉ መልስ «ለአህያ የምታለቅሱት ትናንት ክትፎ የበላችሁ አይደላችሁም?» ነው። ሎጂኩ ትክክል ነው። ቁጣው ውስጥም ከርኅራኄ ይልቅ መጸየፍ የነበረበት ሰው ጥቂት አልነበረም። ሆኖም ዕድሜ ልኩን ሸክም የተሸከመ እንስሳ መጨረሻው ይህ አይሁን ያለም ነበር። በዚያ ሳምንት መርካቶ ጀርባው ቆስሎ ስለሚነዳው አህያ ቢነሣ የሚሰማ ጆሮ ነበር። በስድብ የተቀበለው ግን የተከፈተውን በር ራሱ ዘጋው።

በዕለት ኑሮ ነገሩ ከዚህም ያንሳል። «የጾም ነው» ተብሎ የቀረበው ሽሮ ቅቤ ቅቤ ሲል ንዴት ይመጣል፤ ተገቢ ነው፤ ሰው የሚበላውን የማወቅ መብት አለው። አስተናጋጇ ላይ መጮህ ግን ድስቱን አይለውጠውም፤ እሷ ከወጥ ቤት የነገሯትን ነው ያለችው። ባለቤቱን ጠርቶ የጾሙ ድስትና ጭልፋ ለብቻ ይሁን፣ ካልሆነም ሜኑ ላይ ይጻፍ ብሎ ጸንቶ መጠየቅ ይቻላል፤ እምቢ ካለ አለመመለስ፣ ምክንያቱንም በግልጽ መናገር። በእኩለ ሌሊት የቄራ ቪዲዮ ሲያዩ ቆይቶ እዚያው ስልክ ላይ መጻፍ ግን መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ትሬብን የመሰለ ጽሑፍ በቀን ብርሃን፣ ሰው ፊት ተቀምጦ አይጻፍም።

ወደ አክስት ስንመለስ፣ እሷን የፋሲካ ዕለት ማሸነፍ አይቻልም። ድስቱ ከተጣደ፣ እንግዳው ከተሰበሰበ በኋላ የሚነገር ነገር ሁሉ እንቢታና ውርደት ይመስላል። ከሆነ የሕማማት ሰኞ ወይም ማክሰኞ ተደውሎ፣ ቁጣውም ሳይደበቅ፣ «እትዬ፣ ሦስት ዓመት ነገርኩሽ፤ ስትስቂብኝ ይከፋኛል። ዘንድሮም አልፈስክም። ምስሩን በዘይት አንድ ድስት ሥሪልኝ፣ ካልተመቸሽ እኔ ሠርቼ እመጣለሁ» ይባላል። ታጉረመርማለች። «የምን ጣጣ ነው ደግሞ» ትላለች፣ ለእናቱም ደውላ ትከሳለች። «እኔ ቤት ምግብ ይዘህ ልትመጣ?» ብላ ግን ራሷ ትሠራዋለች።

የፋሲካ ዕለት «በሞቴ» ማለቷ አይቀርም። እጇ ላይ ያለው ምስር ነው።