«ዜድ» የሚባለው ፊደል ቤቱ የት ነው?

ከራውተር ጋር በሽቦ ተያይዞ ከጥግ የሚቀመጠው፣ ዲስኮች የተጫኑበት ያ ትንሽ ሣጥን፣ በየኮምፒዩተሩ ላይ በተለያየ መልክ ብቅ ማለቱ ብዙ ሰው ሲያደናግር እናያለን። በአንዱ «ዜድ» የተባለ ዲስክ ሆኖ ይቀመጣል፤ በሌላው ስሙ ብቻ ይታያል፤ በሦስተኛው ጭራሹን የለም። ታዲያ ወዲያው «ሣጥኑ ተበላሸ!» ይባላል። ኧረ አልተበላሸም።

ሣጥኑን ባለሙያዎቹ በምሕፃር «ናስ» ይሉታል (የመዳብ ዘመድ እንዳይመስላችሁ)። እንደ ፍላሽ የኮምፒዩተራችን አካል አይደለም። የራሱ ፕሮሰሰር ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜም በሊኑክስ የሚሠራ፣ ራሱን የቻለ ኮምፒዩተር ነው። ፍላሽ ሲሰካ ዊንዶውስ ራሱ ገብቶ ያነባል፣ ይጽፋል። ሣጥኑን ግን መጠየቅ እንጂ መንካት አይችልም፤ ቤተ መጻሕፍት ሄደን መደርደሪያው ዘንድ ሳንደርስ በመስኮት «እገሌ የተባለውን መጽሐፍ ይስጡን» እንደምንለው ማለት ነው። ዊንዶውስ በራሱ ሊያነበው በማይችለው አሠራር የተሰናዳ ዲስክ በሣጥኑ በኩል ሲመጣ የሚከፈተውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የመጠየቂያው ቋንቋ ኤስኤምቢ ይባላል፤ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1983 በአይቢኤም ነው። በኋላ አንድሪው ትሪጅል የተባለ አውስትራሊያዊ ሳምባ የተሰኘውን ፕሮግራም ሲጀምር፣ የዊንዶውስ ያልሆነ መሣሪያም ያንኑ ቋንቋ መናገር ቻለ።

እንግዲህ «ዜድ» ምንድን ነው? ቅጽል ስም ነው። እውነተኛው አድራሻ ሁለት ወደ ኋላ ያዘነበሉ ሰረዞች፣ የሣጥኑ ስም፣ አንድ ሰረዝ፣ ከዚያም የፎልደሩ ስም ነው። ፊደሉን የሰጠው ያ ኮምፒዩተር፣ ያውም ለዚያ ተጠቃሚ ብቻ ስለሆነ፣ የአንዱ «ዜድ» በሌላው ዘንድ «ዋይ» ቢሆን ወይም ከናካቴው ባይኖር አያስደንቅም። ማክ ደግሞ ፊደል የሚባል ነገር አያውቅም፤ በስሙ ብቻ ያሳየዋል።

ከዝርዝሩ መጥፋቱም የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም በአሮጌው ኤስኤምቢ አንድ ቀዳዳ ገብቶ ዓለምን አመሰ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ የወጣው የዊንዶውስ 10 እትም በአዲስ ሲጫን አሮጌውን ቋንቋ ትቶ መጣ፤ በዚያ ይሠራ የነበረው የስም ዝርዝርም አብሮ ቀረ። ስለዚህ አዲሱን ቋንቋ የሚያውቅ ሣጥን ከዝርዝሩ ቢታጣ እንኳ፣ አድራሻው ሲጻፍለት ይከፈታል።

ይህ ሁሉ ለመምህር ምን ያደርግለታል የሚሉ አሉ፤ የሚጫነውን ቁልፍ ማሳየት ይበቃል ይላሉ። እኛ አንስማማም። ቁልፉ እኮ እትም በተለወጠ ቁጥር ቦታውን ይቀይራል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ማጥፋት ነው። ተማሪው «ዜድ» ላይ ያለውን የራሱ ኮምፒዩተር ቅጂ መስሎት ቢያጠፋው፣ ከሁሉም ሰው ይጠፋል። እንደ ወትሮው በኮምፒዩተሩ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥም አይገኝም፤ ሣጥኑ የራሱ ቅርጫት ከሌለው የስንት መምህራን የትምህርት ዕቅድ በአንድ ጣት ሄደ ማለት ነው። «ሁለት ዲስክ አለው፣ አንዱ የሌላው መንታ ነው» የሚለውም አያድንም፤ መንታው ማጥፋቱንም ወዲያው ይቀዳልና። ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ የግድ ያስፈልጋል።

ስለዚህ የምንጠይቀው አንድ ክፍለ ጊዜ ነው። ሣጥኑ፣ ራውተሩና ሁለት ኮምፒዩተሮች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይሣሉ። ቀጥሎ የኢንተርኔቱ መሥመር ይነቀልና ፎልደሩ ይከፈት፤ ይከፈታልም፣ ምክንያቱም ጥያቄው ከግቢው አይወጣም። ኢንተርኔት በሌለበት ወረዳ ለምንመደበው ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ክፍለ ጊዜው ይፈቀድልን እንጂ ሥዕሉን እኛው እንሥላለን፤ ጠመኔም አለን።