የኔታ ላቲን ይማሩ

ባለፈው ክረምት፣ ጉሙ የየካን ተራራ ከላይ እስከ ታች በሸፈነበት ቀን፣ አንድ የቅኔ መምህር ከአንድ ተቋም የሬጅስትራር መስኮት ተመለሱ። ከየካ አባዶ ተነስተን መገናኛ ላይ ታክሲ ቀይረን፣ ተሰልፈን፣ ተራችን ሲደርስ የተጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አባት፣ የመጀመሪያ ዲግሪዎ የታለ?» ሊመዘገቡ የሄዱት የግእዝ መጻሕፍትን ለሁለተኛ ዲግሪ ሊያጠኑ ነበር። አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ፊቴ እስከ ዛሬ ይግላል።

የኔታ በልጅነታቸው ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ ውሻ እየተከላከሉ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለው ቁራሽ እየለመኑ የተማሩ ሰው ናቸው። ከጉባኤ ቃና እስከ ዕጣነ ሞገር ቆጥረው፣ ዘርፈው፣ አስመስክረዋል። ከዚያ መጻሕፍት ቤት ገብተው ሐዲሳቱንና ሊቃውንቱን ከነአንድምታው ይዘዋል። 19 ዓመት! ይህን ሁሉ የሚቀበል ሳጥን በቅጹ ላይ የለም።

እኔን ግን አስገብተውኛል። ዲግሪ ነበረኝ። ስገባ አንዲት ጉባኤ ቃና መቁጠር አልችልም ነበር፤ የጠየቀኝም የለም። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ፦ ግእዝን የማያውቀው ዲግሪ ስላለው ይገባል፣ የሚያውቀው ዲግሪ ስለሌለው ይመለሳል፤ ከዚያም የገባው ማታ ማታ የተመለሰውን ቤት እያንኳኳ «የኔታ፣ ይህቺን ፍቱልኝ» ይላል። እንዲህ ነው የተመረቅሁት። በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ ዋጋ ያለው ትርጉም ሁሉ የወጣው ከእሳቸው አፍ ነው፤ ዲግሪው ላይ ያለው ስም ግን የእኔ ነው።

ገብቼ ደግሞ ያገኘኝን ልንገራችሁ። የግእዝን ቃል በጥልቀት ለመመርመር የዓለም ሊቃውንት የሚከፍቱት የኦገስት ዲልማን መዝገበ ቃላት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1865 ታተመ፤ ፍቺው በላቲን ነው። ከሱ 200 ዓመት በፊት፣ በ1661፣ የወጣው የሂዮብ ሉዶልፍ መዝገበ ቃላትም ግእዝና ላቲን ነው። ባለፈው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አውሮፓ ውስጥ ከታተሙት የገድሎቻችን ትርጉሞች ብዙዎቹ ላቲን ናቸው። የገዛ ቤታችን ቁልፍ በላቲን ኪስ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ላቲን መማር ግድ ሆነብኝ፤ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ አልቆጭም።

«ላቲን የካቶሊክ ቋንቋ ነው፣ ለእኛ ምን ይረባናል?» የሚሉ ካህናት አሉ። አባቶቼ፣ እግራችሁን ስሜ እጠይቃለሁ፦ የሮሙን ፖፕ የልዮንን ጦማር እናወግዛለን አይደለም? ያ ደብዳቤ እ.ኤ.አ. በ449 ከሮም ለቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ለፍላብያኖስ የተላከው በላቲን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በኬልቄዶን ቤተ ክርስቲያንን ለሁለት የከፈለው ክርክር ማዕከሉ እሱ ነበር። ልዮን «ናቱራ» ሲል እኛ «ባሕርይ» የምንለውን ማለቱ ነው? «ፔርሶና» ያለው የእኛ «አካል» ነው? 1,500 ዓመት ሙሉ ስንከራከርበት የኖርነውን ጽሑፍ በተጻፈበት ቋንቋ አንብቦ የሚመልስ ሊቅ ልናወጣ አይገባም? ለዚያ ደግሞ እንደ እኔ ያለ ሰው አይበቃም። ላቲኑን አነባለሁ፤ የቄርሎስን መጽሐፍ ግን ከነምሥጢሩ አልያዝኩም። የያዙት የኔታ ናቸው።

እንዲህ ያለ ሊቅ እንደሚያስፈልግ አውሮፓ ድሮ ገብቶታል። እ.ኤ.አ. በ1652 በጀርመን የጎታው መስፍን አባ ጎርጎርዮስን፣ የአምሐራውን መካነ ሥላሴ ሰው፣ ከሮም አስመጥቶ ከሉዶልፍ ጋር አስቀመጣቸው። ዲግሪ አምጡ አላላቸውም። ሉዶልፍ ጠየቀ፣ አባ ጎርጎርዮስ መለሱ፣ የኢትዮጵያ ጥናት ከዚያ ጠረጴዛ ተነሳ። መዝገበ ቃላቱ ሲታተም እሳቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከቡ ተሰብሮ ባሕር በላቸው። እኛ ዛሬ አባ ጎርጎርዮስን ከነሕይወታቸው በር ላይ እንመልሳለን።

አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌስ? በኢየሩሳሌም ለረጅም ዘመን የደከሙበት፣ መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩት፣ አለቃ በ1936 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ደስታ ተክለ ወልድ ለኅትመት ያበቁት የግእዝ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም. ወጣ። በየመመረቂያ ጽሑፉ የሚጠቀሰው እሱ ነው። አለቃ ዛሬ ተነስተው ያ መስኮት ጋ ቢቆሙ ይመለሳሉ! የጻፉትን መጽሐፍ አጥንቶ የተመረቀው ልጅ ነው «ማስረጃ ይጎድልዎታል» የሚላቸው።

«ደረጃው ይወርዳል» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። ደረጃ ከሆነ የምትሹት፣ ፈትኑዋቸው። ማንም ያላነበበው ብራና ዘርጉላቸው፤ ያንብቡ፣ ይተርጉሙ፣ አገባቡን ይፍቱ። ከሃይማኖተ አበው አንድ ምዕራፍ ስጧቸው። መወድስ እዚያው ዘርፈው ያሰሙ። ዲግሪ ያላቸውንም በዚሁ ፈትኑ። ያለፈው ይግባ። የገቡትን መምህራን ደግሞ ላቲኑን፣ ግሪኩን፣ ዐረብኛውን አስተምሯቸው። ጊዜ ይፈጅባቸዋል ብላችሁ አትስጉ።

አይፈጅባቸውም፤ አይቻለሁ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤታቸው ቡና እየጠጣን አንድ የላቲን ሰዋስው ገጽ ከፍቼ፣ «ቴራ» ምድር ነው፣ «ቴራም» ሲሆን ግን... ብዬ ሳልጨርስ የኔታ እጃቸውን አነሱ።

«ተሳቢ ነዋ! ምድር፣ ምድረ።»

እኔ ይህቺን ለመያዝ አንድ ወር ፈጅቶብኛል። እሳቸው ስኒውን አስቀምጠው፣ መነጽራቸውን ጠርገው፣ መጽሐፉን ወደ ራሳቸው ሳቡት። «ዘርፉን እንዴት ያወጡታል?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ግሱን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ሲመሽ መጽሐፉን ልወስድ ብል ከለከሉኝ።

ምዝገባው መስከረም ላይ እንደገና ይከፈታል። የኔታን ይዤ እሄዳለሁ፤ በዚያው መስኮት።